ጥላ የሳለው ገጽ፤ የጨረቃ ፎቶግራፍ ታሪክና የብርሃን ጥያቄ

ፎቶግራፍ አይዋሽም የሚለው እምነት ካሜራ ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ ሥር የሰደደ ነው። የሠዓሊው እጅ ሊያደላ፣ ጸሐፊውንም ስሜቱ ሊገፋው ይችላል፤ መስተዋቱና ኬሚካሉ ግን ወገን የላቸውም ይባላል። ይህን እምነት ከሁሉ ይበልጥ የፈተነች አንዲት ባለታሪክ ብትኖር ጨረቃ ናት። ከ1840 ወዲህ ለቁጥር የሚታክቱ ፎቶግራፎች ተነሥተውላታል፤ ይሁንና በዚያው ዘመን ሰዎች የሌለ ተራራ አይተውባታል፣ ያለ ጎድጓዳ ጠፍቶባቸዋል፣ ከቶ ያልበቀለ ተክል በቅሎ ታይቷቸዋል። በአብዛኛው ስሕተቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ ከአንድ አቅጣጫ በመጣ ብርሃን ብቻ የታየን ነገር እንደ ሙሉ እውነት የመቀበል ስሕተት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንከታተለውም የዚሁን ስሕተትና የእርምቱን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። አየርና ደመና ስለሌላትም የፀሐይ ብርሃን ሳይበተን በቀጥታ ያርፍባታል፤ ጥላዋም ድፍን ጥቁር ነው። ከአንዱ የፀሐይ መውጫ እስከ ቀጣዩ ድረስ በጨረቃ ላይ 29 ቀን ተኩል ያህል ያልፋል። በመሆኑም ብርሃንን ከጨለማ የሚለየው ድንበር በወገቧ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል፤ ደኅና ብስክሌት ነጂ ሊከተለው በቻለ ነበር። በዚህ ድንበር አጠገብ ፀሐይ ገና ከአድማስ ብቅ እያለች ነው። አንድ ዲግሪ ከፍ ስትል 100 ሜትር ከፍታ ያላት ጉብታ ከ5 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጥላ ትጥላለች። ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ስትደርስ ግን ያው ጥላ ወደ 100 ሜትር ያጥራል፤ ከምድር ሆኖ በቴሌስኮፕ ለሚመለከት ሰው ጠፋ ማለት ነው። እንደ ተደፋ ሰፌድ ዝርግ የሆኑ፣ ቁልቁለታቸው ከጥቂት ዲግሪ የማይበልጥ ጉብታዎች አሉ። እነዚህ ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብቻ ይታያሉ፤ በቀረው ጊዜ ሜዳው ሜዳ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ጨረቃን ለማጥናት ሙሉ ሆና የምትታይበት ሌሊት የተመቸ ይመስላል እንጂ አይመችም። ያን ጊዜ ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ናት፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የገዛ ጥላውን ከኋላው ይሸሽጋል። ተራራውና ገደሉ ይጠፋና በምትኩ የአፈሩ ቀለም ብቻ ይቀራል፤ ታይኮ ከሚባለው ጎድጓዳ የሚፈልቁት ረጃጅም ነጫጭ ጨረሮችም በዚያን ጊዜ ደምቀው ይወጣሉ። ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ብርሃን እኩሌታ የምትሰጥ የሚመስለውም ተሳስቷል፤ የምትሰጠው አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ነው። የተቀረውን ጥላው ይውጠዋል፤ አፈሩም ብርሃንን ከሁሉ ይልቅ ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ የመላክ ጠባይ አለው።

ቀጥተኛው ግድግዳ የተባለው ስፍራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በደመና ባሕር ውስጥ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋና 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ስንጥቅ ነው። የጨረቃን ዕድሜ በሌሊት መቁጠር በባሕረ ሐሳብ ለለመደ አንባቢ ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው፦ ጨረቃ በስምንት ቀኗ ገደማ ግድግዳው እንደ ጥቁር ክር ይታያል፤ በሙሉ ጨረቃ ይጠፋል፤ በ22 ቀኗ ገደማ ደግሞ በነጭ ክር ተመልሶ ይመጣል። በመጀመሪያው ጊዜ የምናየው ጥላውን ሲሆን፣ በኋለኛው ጊዜ የምናየው ፀሐይ ያረፈበትን ፊቱን ነው። ስሙ ግድግዳ ይሁን እንጂ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሰው ተጠንቅቆ ሊወጣው የሚችል ቁልቁለት ነው። ግድግዳ ያሰኘው ጥላው ነው።

የዚህ ጥበብ ጅማሬ ካሜራ ሳይሆን ቀለምና ወረቀት ነበር። በ1609 እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ጋሊሊዮን በጥቂት ወራት ቀድሞ ጨረቃን በመነጽር አይቶ ነድፏታል። ሃሪየት ትልቅ የሒሳብ ሰው ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ንድፉ ላይ ግን የሚታየው የብርሃንና የጨለማው ድንበር የተሸራረፈ መስመር ከመሆኑ በቀር ሌላ ብዙ ነገር የለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋሊሊዮ ተመሳሳይ መነጽር አነጣጥሮ ተራራና ሸለቆ አየ። በጨለማው ክፍል ውስጥ ተነጥለው የሚያበሩትን ነጥቦች፣ ሸለቆው ገና ሳይነጋ ፀሐይ ቀድማ የምትነካቸው የተራራ ጫፎች መሆናቸውን ተረዳ፤ ከድንበሩ ያላቸውን ርቀት ለክቶም ቁመታቸውን አሰላ። ጋሊሊዮ የሥዕል ትምህርት የነበረው፣ በ1613ም የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል የሆነ ሰው ነው። ጥላ የቅርጽ ቋንቋ መሆኑን የሥዕል ትምህርቱ እንዳስተማረው የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ይህም አሳማኝ ነው። ሃሪየትም ቢሆን የጋሊሊዮ መጽሐፍ በ1610 ከወጣ በኋላ በነደፋቸው ሥዕሎች ላይ ጎድጓዳዎቹን አስገብቷል። ዐይኑ አልተለወጠም፤ ምን እንደሚፈልግ ግን ዐውቆ ነበር።

ካርታ ሠሪዎች ይህንኑ ችግር በራሳቸው መንገድ ሊፈቱት ሞክረዋል። የግዳንስኩ ቢራ ጠማቂና የከዋክብት ተመራማሪ ዮሐንስ ሄቬሊዩስ በ1647 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ጨረቃን በየዕድሜዋ እየነደፈ፣ በገዛ እጁም በመዳብ ላይ እየቀረጸ አቀረባት። በመጨረሻም ሁሉን ባንድ ላይ ለማሳየት ሲል ጎድጓዳዎቹ በሙሉ ከአንድ ወገን ብርሃን እንዳረፈባቸው አድርጎ አንድ ወጥ ካርታ ሠራ። እንዲህ ያለ ብርሃን በጨረቃ ላይ በርቶ አያውቅም፤ ሊበራም አይችልም። ሆኖም ካርታው ከየትኛውም የአንድ ሌሊት ሥዕል የበለጠ እውነት ይዟል። ይህን ቃል በቃል ሐሰት የሆነ እውነት ሠዓሊዎች በቀላሉ የሚረዱት ይመስለኛል።

ክርክሩ የጦፈው በ1866 ነው። በርጋታ ባሕር ውስጥ ሊኔ የተባለ ትንሽ ጎድጓዳ ነበር። ሎርማንና ሜድለር የተባሉት ስመ ጥር ጀርመናውያን ካርታ ሠሪዎች ጥልቅ ጎድጓዳ አድርገው መዝግበውት ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት የአቴና የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ ዩሊየስ ሽሚት ጎድጓዳው መጥፋቱን፣ በቦታው የደበዘዘ ነጭ ነጥብ ብቻ መቅረቱን አስታወቀ። ሽሚት ዘላን ወሬኛ አልነበረም፤ ዕድሜውን ለጨረቃ ካርታ የሰጠ፣ በ1878ም እስከ ዘመኑ ድረስ ወደር ያልነበረውን ካርታ ያሳተመ ሰው ነው። ስለዚህም አውሮፓ ሁሉ ቴሌስኮፑን ወደ ሊኔ አዞረ። አንዳንዶች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሞልቶታል አሉ፤ ሞታለች የተባለችው ጨረቃ ሕይወት አላት ማለት ነበርና ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሌሎች ደግሞ የቀድሞዎቹ ሰዎች ተሳስተዋል አሉ። ክርክሩ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ እንደምናውቀው ሊኔ 2.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ በነጭ አፈር የተከበበ አዲስ መልክ ያለው ጎድጓዳ ነው፤ ከምድር ሲታይ ለዚያ ዘመን መነጽሮች የችሎታቸው ጠርዝ ነበር። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጎድጓዳነቱ ይታያል፤ ከፍ ስትል በዙሪያው ያለው ነጭ አፈር ውጦት ነጥብ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ፎቶግራፍ ወደ ጨረቃ ጥናት የገባው እንዲህ ያለውን ክርክር ይዳኛል በሚል ተስፋ ነበር። የኒው ዮርኩ የኬሚስትሪ መምህር ጆን ዊልያም ድሬፐር 20 ደቂቃ ያህል ብርሃን በማስገባት በዳጌሮታይፕ ዘዴ ያነሣትን የጨረቃ ምስል በ1840 መጋቢት ለሊቃውንት ጉባኤ አሳወቀ። ከዚያም የቦስተኑ ፎቶ አንሺ ጆን ዊፕልና የሃርቫርዱ ዊልያም ቦንድ 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ያነሧቸው ምስሎች በ1851 የለንደን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ተሸለሙ። የሕዝቡ አድናቆት ከፍ ያለ ይሁን እንጂ ለሳይንቲስቱ ብዙም አልጠቀመም። ጨረቃ በሰማይ ላይ ትሄዳለች፤ የምድር አየርም እንደ ፈላ ውኃ ምስሏን ያንቀጠቅጣል። ዐይን አየሩ ጸጥ ያለባትን ቅጽበት ጠብቆ ይይዛል፤ ሰሌዳው ግን ጸጥታውንም መንቀጥቀጡንም ደባልቆ ይመዘግባል። ከዚህ በላይ የዚያ ዘመን ሰሌዳ የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ሲሆን፣ ሌንሶቹ የተሠሩት ለሰው ዐይን ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ረዘርፈርድ በ1864 ለፎቶግራፍ ብቻ የሚያገለግል፣ በዐይን ቢያዩበት ብዥ የሚል ሌንስ ሠርቶ ይህን የመጨረሻውን ችግር አቃለለው። ከሰው ዐይን ተለይቶ ለማየት የተሠራ መሣሪያ መሆኑ ያስደንቃል።

ካሜራው የማይደርስበትን በእጅ ጥበብ ለመሙላት የተነሣው ደግሞ የእንፋሎት መዶሻን በመሥራት የታወቀው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ናስሚት ነው። ናስሚት ለብዙ ዓመታት ጨረቃን በቴሌስኮፕ እያየ ነደፈ፤ ከንድፎቹም የጄሶ ቅርጾች ሠራ። ቅርጾቹን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍባቸው ካደረገ በኋላ ፎቶግራፍ አነሣቸው። ከጄምስ ካርፔንተር ጋር በ1874 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ምስሎች ከሞላ ጎደል ከጨረቃ ላይ በቀጥታ የተነሡ ይመስላሉ። በዚያው መጽሐፍ የአንድ እጅ ጀርባና የተጨማደደ ፖም ፎቶግራፎችም ጎን ለጎን ቀርበዋል፤ የጨረቃ ተራሮች ውስጧ ሲኮማተር ቆዳዋ ተጨማዶ የተፈጠሩ ናቸው ለማለት ነው። ሐሳቡ በሳይንስ ወድቋል፤ የፖሙና የእጁ ፎቶግራፍ ግን ዛሬም በፎቶግራፍ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይኖራል። የጄሶ ተራሮቹ ከእውነተኞቹ ይልቅ እጅግ የሾሉ ነበሩ። ናስሚት የረዘመውንና የሾለውን ጥላ አይቶ ተራራውም እንደ ጥላው የሾለ መሰለው። ይህ ስሕተት ረጅም ዕድሜ ነበረው፤ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የቼስሊ ቦንስቴል ሥዕሎች ጨረቃን በጦር በመሰሉ ተራሮች ሞልተዋት ነበር። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች ያነሧቸው ተራሮች ግን እንደ ዱልዱም ኮረብታ የለሰለሱ ሆነው ተገኙ።

በታሪካችን መካከል የቆመው ሰው ዊልያም ፒከሪንግ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሌቪና ፒዩዞ ከ1896 እስከ 1910 ድረስ በየተራ ያሳተሙት አትላስ በምስል ጥራቱ የሚወዳደረው አልነበረም። የሃርቫርዱ ፒከሪንግ ግን ሌላ ነገር አሰበ። በ1900 ወደ ጃማይካ ወርዶ ማንዴቪል በተባለች ከተማ የትኩረት ርዝመቱ 41 ሜትር ያህል የሆነ ቴሌስኮፕ ተከለ። የሚታየውን የጨረቃ ገጽ በ16 ክፍል ከፈለና እያንዳንዱን ክፍል በአምስት የተለያየ የፀሐይ ከፍታ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ አነሣው። በ1903 የወጣው አትላስ ስለዚህ 80 ምስሎች አሉት። አንድ ስፍራ አምስት ጊዜ ሲገለጥ ማየት ለአንባቢ አዲስ ነገር ነበር፤ ንጋት ላይ ገደል የመሰለው በቀትር ነጭ ምልክት ብቻ ይሆናል፣ በምሽት ደግሞ ጥላው በሌላው ወገን ተገልብጦ ይወጣል። የምስሎቹ ጥራት ከፓሪሱ ያነሰ ቢሆንም በሐሳቡ ግን፣ በኔ ግምት፣ ከዘመኑ የጨረቃ ሥራዎች ሁሉ የቀደመ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይኸው ሰው ኤራቶስቴኔስ የተባለውን 58 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጎድጓዳ በየቀኑ ሲከታተል፣ ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ በውስጡ ጥቋቁር ሽክርክሪቶች ሲሰፉና ቦታ ሲለውጡ አየ። መጀመሪያ የሚበቅልና የሚደርቅ ተክል ነው አለ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ መንጋ ሆነው የሚሰደዱ ነፍሳት ሊሆኑ እንደሚችሉ ጻፈ። ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ጥላው ሲሸሽ የጥቁሩና የነጩ አፈር የገዛ ቀለም ይወጣል፣ በየማዕዘኑም የሚመልሰው ብርሃን ይለያያል። ብርሃን ገጽን እንዴት እንደሚለውጥ በ80 ሰሌዳ ለዓለም ያሳየ ሰው የብርሃንን ለውጥ የሕይወት ለውጥ ነው ብሎ ተረጎመው። ወንድሙ የሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ የነበረ፣ ራሱም በሙያው የተከበረ ሰው ነው፤ አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ1953ም የአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሳይንስ አዘጋጅ የነበረው ጆን ኦኒል በቀውስ ባሕር ዳርቻ ግዙፍ የተፈጥሮ ድልድይ አየሁ ብሎ ነበር፤ ታዋቂው እንግሊዛዊ ካርታ ሠሪ ዊልኪንስም አረጋገጥሁ አለ። የዝቅተኛ ፀሐይ ጥላ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ጣልቃ ላስገባ። የጨረቃን ፎቶግራፍ ገልብጦ ማተም ለመጽሔት አዘጋጆች ቀላል ስሕተት ሊመስል ይችላል። ዐይናችን ግን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ መገመት ለምዷል፤ ብርሃኑ ከታች የመጣ እንደሆነ ጎድጓዳው ጉብታ፣ ጉብታውም ጎድጓዳ ሆኖ ይታየዋል። ቅርጻ ቅርጽ የሚያሳዩ ባለሙያዎች መብራታቸውን በጥንቃቄ የሚሰቅሉት በከንቱ አይደለም።

ከብርሃኑ ሌላ የአመለካከት ማዕዘንም ያታልላል። በጨረቃ ጠርዝ ላይ ያለውን ስፍራ ሁልጊዜ ከጎን እንጂ ከላይ ልናየው አንችልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ጄራርድ ካይፐርና ባልደረቦቹ ምርጥ የጨረቃ ፎቶግራፎችን በነጭ ትልቅ ሉል ላይ በፕሮጀክተር እያሳረፉ፣ ሉሉን ከጎኑ ዞረው እንደገና ፎቶግራፍ ያነሡት ጀመር። ዘዴው የቲያትር ቤት ዘዴ ነው ቢባል ያስኬዳል። በ1962 ገና ተማሪ የነበረው ዊልያም ሃርትማን ከሉሉ ጎን ቆሞ ሲመለከት፣ እስከዚያ ድረስ የተበታተኑ ተራሮችና ጥቋቁር ሰረዞች የነበሩት ሁሉ አንድ ማእከል ያላቸው ታላላቅ ክቦች ሆነው ታዩት። 930 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የምሥራቅ ባሕር ገበታ የተገለጠው እንዲህ ነው። አዲስ ፎቶግራፍ አልተነሣም፤ በእጅ የነበረው ፎቶግራፍ ከሌላ ቦታ ታየ።

የጨረቃን ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ልጅ ያሳየችው የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩር ሉና 3 ናት። በ1959 ጥቅምት 7 ቀን 29 ፎቶግራፎች አንሥታ፣ ፊልሙን እዚያው በጉዞ ላይ አጥባ፣ ምስሉን በራዲዮ ወደ ምድር ላከች። ከጀርባው ገጽ 70 በመቶ ያህሉ ታየ፤ የሞስኮ ባሕርና ፂዮልኮቭስኪ የተባለው ጎድጓዳ በዚያን ጊዜ ስማቸውን አገኙ። ታላቅ ድል ነበር፤ ዛሬም ታላቅ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉ ሲነሣ ፀሐይ ከመንኮራኩሯ ጀርባ ነበረችና ጥላ አልነበረም ማለት ይቻላል። በደበዘዙት ምስሎች ላይ የታየው ረጅም ነጭ ሰረዝ የተራራ ሰንሰለት ተደርጎ ተተረጎመ፤ የሶቪየት ተራሮች የሚል ስምም ተሰጠው። በኋላ በተሻለ ጥራትና ከጎን በመጣ ብርሃን የተነሡ ፎቶግራፎች ሲገኙ ቦታው ላይ ተራራ አልነበረም፤ ከጎድጓዳ የተረጨ ነጭ አፈር ነበር። ስሙም ከካርታው ተነሣ። በሃርቫርዱ ፒከሪንግ ላይ የደረሰው በሞስኮ ሊቃውንትም ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ ብርሃን ለማንም አያደላም።

የአፖሎ በረራዎች በታቀዱ ጊዜ ይህ ሁሉ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ። ማረፊያው ከተመረጠ በኋላ የመነሻው ቀን የሚቆረጠው በፀሐይዋ ከፍታ ነበር፤ ጠፈርተኞቹ በሚያርፉበት ሰዓት ፀሐይ ከጀርባቸው፣ ከአድማስ ከ5 እስከ 14 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ መገኘት ነበረባት። ከዚያ ብታንስ ጥላው መሬቱን ይውጠዋል፤ ብትበዛ አለቱና ጎድጓዳው ከሜዳው አይለይም። በ1969 ሐምሌ 20 ቀን ኒል አርምስትሮንግ መሣሪያው ይመራው የነበረው ወደ አለታማ ስፍራ መሆኑን አይቶ፣ በእጁ እየነዳ ያለፈው በዚህ በተመረጠ ብርሃን ነው። ይሁንና ብርሃኑን መምረጥ ሁሉን አያድንም። በ1971 የካቲት የአፖሎ 14ቱ ሼፐርድና ሚቼል 340 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ኮን የተባለ ጎድጓዳ ለማየት ዳገቱን በእግር ሲወጡ ጠርዙን አጥተው ተመለሱ። ርቀትን የሚያደበዝዝ አየር በሌለበት፣ ዛፍም ቤትም በሌለበት ስፍራ አንዱ ጉብታ ከሌላው አይለይም። በኋላ ከላይ የተነሡ ፎቶግራፎች እንዳሳዩት ወደ ጠርዙ የቀራቸው 30 ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

በ2009 የተላከችው የአሜሪካ የጨረቃ ቃኚ መንኮራኩር የፒከሪንግን ሐሳብ እርሱ ሊያልመው በማይችለው መጠን ፈጸመችው። ግማሽ ሜትር ያህል የሚሆን ነገር የሚለይ ካሜራ ይዛ፣ አንዱን ስፍራ በጧት፣ በቀትርና በማታ ፀሐይ ደጋግማ አነሣች። በ2012 ተመራማሪዎቹ አፖሎ 12፣ 16 እና 17 ያረፉባቸውን ስፍራዎች ምስሎች በፀሐይ ከፍታ ቅደም ተከተል ደረደሯቸው። ባንዲራዎቹ እጅግ ቀጭን ናቸውና በአንዱ ምስል ብቻ ስለ መቆማቸው ማረጋገጫ መስጠት አይቻልም ነበር። በተከታታዩ ላይ ግን ቀጭን ጥላ በአንድ ነጥብ ዙሪያ፣ እንደ ፀሐይ ሰዓት ዘንግ፣ ቀስ እያለ ሲዞር ታየ። በአፖሎ 11 ስፍራ እንዲህ ያለ ጥላ አልተገኘም። ባዝ አልድሪን ከጨረቃ ሲነሡ ባንዲራው በሞተሩ ግፊት ሲወድቅ ማየቱን ቀድሞ ተናግሮ ነበር።